አንድ ሰዓት፣ ሁለት ቀትር

በሪያድ ምሥራቃዊ ክፍል፣ በነሲም፣ ሁለት ኢትዮጵያውያን ቀጠሮ ሲይዙ አንዱ ሌላውን ሳይጠይቀው የማያልፈው ጥያቄ አለ፦ «በሀበሻ ነው ወይስ በፈረንጅ?» ማዳሟ «ልጆቹን በስምንት ሰዓት ቀስቅሺ» ያለቻት እኅት ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ማለቷ እንደ ሆነ በልቧ ቀንሳ ትረዳለች። እናቷ ከደብረ ማርቆስ ደውላ «ነገ በስምንት ሰዓት ሐኪም ቤት እቀርባለሁ» ስትላት ደግሞ ምንም ሳትቀንስ ከቀትር በኋላ መሆኑን ታውቃለች። ይህን ስድስት ሰዓት መደመርና መቀነስ በትምህርት ቤት ማንም አላስተማራትም፤ ስደት በመጀመሪያው ሳምንት አስተማራት። ቶሎ ያልተማረም ሰው ከሥራ ሲዘገይ፣ ወይም እናቱን በእኩለ ሌሊት ቀስቅሶ ሲያስደነግጥ ይማረዋል።

ውድ ምእመናን፣ ይህ ዕለታዊ ሒሳብ የሁለት ልማዶች አለመግባባት ብቻ ይመስላል። ከበስተኋላው ግን ሰዎች ምድርን እንዴት እንደ ለኩ የሚናገር ረጅም ታሪክ አለ። በዚያ ታሪክ ውስጥ የአገራችን ተራሮች፣ ይህች የሪያድ ከተማ፣ የቤተ ክርስቲያናችንም ልጆች የሆኑ ጥቂት ሰዎች ስፍራ አላቸው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ቀኑን ከፀሐይ መውጫ ጀምሮ መቁጠር የእኛ ብቻ አልነበረም። በጌታችን ዘመን በሮም ግዛት የነበሩ ሕዝቦች የቀኑን ብርሃን ከንጋት እስከ ምሽት በአሥራ ሁለት ይከፍሉት ነበር። ስለዚህ በማቴዎስ ወንጌል የወይን አትክልት ባለቤት ሠራተኞችን ሊቀጥር በሦስት፣ በስድስት፣ በዘጠኝና በአሥራ አንድ ሰዓት እንደ ወጣ ሲነገር፣ አማርኛ አንባቢ ማብራሪያ አይፈልግም። በአሥራ አንድ ሰዓት ቀጣሪ አጥቶ በገበያ ቆሞ የቀረው ሠራተኛ ቀኑ ሊመሽበት አንድ ሰዓት ብቻ እንደ ቀረው ወዲያው ይገባዋል። በመንገድ ዳር ቆሞ የቀን ሥራ የጠበቀ ሰው ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ይገባዋል። እንግሊዛዊው አንባቢ ግን የግርጌ ማስታወሻ ያስፈልገዋል። እንዲያውም ለቀትር የሚጠቀምበት «ኑን» የሚለው ቃል «ኖና» ከተባለው ከላቲኑ የዘጠኝ ሰዓት ጸሎት ስም የመጣ ነው። ገዳማውያን ጸሎቱን ቀስ በቀስ ወደ ፊት እያመጡት በመጨረሻ የዘጠኝ ሰዓት ስም በስድስት ሰዓት ላይ ተቀመጠ።

ዐረቦችም የራሳቸው አቆጣጠር ነበራቸው። በኦቶማን ግዛትና በዐረብ ምድር ቀኑ የሚጀምረው ከፀሐይ መግቢያ ነበር፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ሰዓቱ በአሥራ ሁለት ላይ ይስተካከላል። ይህ «ጉሩቢ» የተባለ አቆጣጠር በሳዑዲ ዐረቢያ እስከ 1960ዎቹ ድረስ በሥራ ላይ ነበር። ስለዚህ በዚያ ዘመን ወደዚህ አገር የመጣ ኢትዮጵያዊ ከዛሬው ስደተኛ ያነሰ ሒሳብ ይጠብቀው ነበር፤ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ለእርሱም ለባላገሩም በግምት ያው ሁለት ሰዓት ነበርና። በተቃራኒው ግራ የሚጋባው ፈረንጁ ነበር።

በእኛና በእነርሱ መካከል ግን አንድ ትልቅ ልዩነት ነበረ። የጉሩቢ ሰዓት ያለው ሰው መርፌዎቹን ዘወትር በምሽት ማስተካከል ነበረበት፤ ኢትዮጵያዊው ግን ሰዓቱን አንድ ጊዜ ሞልቶ ዓመቱን ሙሉ ሳይነካው ይኖራል። ምክንያቱ ኬክሮስ ነው፤ ይኸውም አንድ ስፍራ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ያለው ርቀት ነው። አዲስ አበባ በ9 ዲግሪ ሰሜን ላይ ስለ ተቀመጠች ረጅሙ ቀኗ 12 ሰዓት ከ38 ደቂቃ ያህል፣ አጭሩ 11 ሰዓት ከ36 ደቂቃ ያህል ነው። ፀሐይ የምትወጣበት ጊዜም በዓመት ውስጥ ከአርባ ደቂቃ ያህል በላይ አይዋዥቅም። ነሲም ግን በ24 ዲግሪ ከ44 ደቂቃ ገደማ ላይ ናት፤ በዚህ በሰኔ ቀኑ 13 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይደርሳል፣ በታኅሣሥ ደግሞ ወደ 10 ሰዓት ከ36 ደቂቃ ይወርዳል። የፀሐይ መግቢያ በክረምትና በበጋ መካከል ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ይለያያል። እንግዲህ የሀበሻ ሰዓት ከመካኒክ ሰዓት ጋር ተስማምቶ እስከ ዛሬ የቆየበት፣ የጉሩቢው ግን ከባቡር፣ ከአውሮፕላንና ከሬድዮ ዘመን ጋር አብሮ መኖር ያልቻለበት አንዱ ምክንያት ይኸው ይመስለኛል። ብዙዎች የሀበሻን ሰዓት እንደ ግትርነት ይቆጥሩታል፤ እኔ ግን ለምድር ወገብ ቅርብ የሆነ አገር ያገኘው ጸጋ ነው እላለሁ።

ሊቃውንቶቻችን ይህን በጥላ ያውቁት ነበር። የግዕዝ የሒሳብ መጻሕፍት በየወሩ የሰው ጥላ በእግር ጫማ ሲሰፈር ስንት እንደሚሆንና የቀኑ ስንተኛ ሰዓት እንደ ደረሰ የሚያሳዩ ሠንጠረዦች አሏቸው። የጾምን ሰዓት የሚጠብቅ ሰው ሜዳ ላይ ቆሞ ጥላውን በጫማው ይሰፍር ነበር። ጥላ ግን የኬክሮስ ልጅ ነው። በአዲስ አበባ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ በአናት ላይ ትቆማለች፤ በሰኔ የቀትር ጥላ ወደ ደቡብ ይዞራል። በሪያድ ፀሐይ በአናት ላይ በትክክል አትደርስም፤ በሰኔ እጅግ ትቀርባለች፣ ጥላውም በጥቂቱ ወደ ሰሜን እንዳዘነበለ ይቀራል። በግዕዝ ብቻ ሙሉ ሆኖ የተጠበቀልን መጽሐፈ ሄኖክ ረጅሙ ቀን የሌሊቱ እጥፍ ይሆናል ይላል፤ ይህ መጠን በኢትዮጵያ ምድር የትም አይታይም፣ በሪያድም አይታይም። የመጽሐፉ ሒሳብ ከእኛ አገር ሰማይ እንዳልተቀዳ ለማወቅ የሊቅ ዓይን አያስፈልግም፤ የጥላ ሠንጠረዥ የያዘ የገጠር ካህን ሊደርስበት ይችል ነበር።

ኬክሮስን ለማወቅ ሰማይን ማየት ይበቃል፤ የዋልታው ኮከብ ከአድማስ በላይ ያለው ከፍታ ይናገረዋል። ኬንትሮስ ግን፣ ማለትም ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ ያለው ርቀት፣ ሌላ ጣጣ ነው። ምድር በ24 ሰዓት 360 ዲግሪ ትዞራለች፤ ስለዚህ 15 ዲግሪ አንድ ሰዓት፣ አንድ ዲግሪ አራት ደቂቃ ነው። በሁለት ስፍራዎች መካከል ያለውን የኬንትሮስ ልዩነት የሚያውቀው በአንድ ቅጽበት በሁለቱም ስንት ሰዓት እንደ ሆነ የሚያውቅ ብቻ ነው። የቋንቋችን ቃል ራሱ ይህን የስፍራና የጊዜ ዝምድና ይመሰክራል። ዛሬ በጂኦግራፊ መጽሐፍ የስፍራ መለኪያ የሆነው ኬክሮስ በባሕረ ሐሳብ የጊዜ መለኪያ ነው፤ የዕለት ስድሳኛ ክፍል፣ ማለትም 24 ደቂቃ።

ስልክ በሌለበት ዘመን በሁለት ሩቅ ከተሞች አንድን ቅጽበት በአንድነት መያዝ የሚቻለው እንዴት ነው? አንዱ መልስ የጨረቃ ግርዶሽ ነበር፤ በየትም ያለ ሰው ግርዶሹን በአንድ ቅጽበት ያያልና። በ997 ዓመት በሜይ 24 ሌሊት፣ በኽዋሪዝም ምድር የነበረው ወጣቱ አል-ቢሩኒና በባግዳድ የነበረው አቡል-ወፋ አስቀድመው ተስማምተው አንዱን ግርዶሽ ከየአገራቸው ተመለከቱ። የመዘገቡትን የየአካባቢ ሰዓት ሲያነጻጽሩት ልዩነቱ አንድ ሰዓት ያህል ሆነ፤ ከዚያም በከተሞቹ መካከል ያለውን የኬንትሮስ ርቀት አወጡ። ሁለት ወዳጆች ባይተያዩም አንዲቱን ጨረቃ በአንድ ሌሊት ማየታቸው ምድርን ለመለካት በቃቸው።

የእኛን አገር ኬንትሮስ በጥንቃቄ ከለኩት መካከል ቀዳሚውን ስፍራ የሚይዘው በ1810 በደብሊን የተወለደው ፈረንሳዊ ካቶሊክ አንቷን ዳባዲ ነው። በ1838 ከታናሽ ወንድሙ ከአርኖ ጋር በምጽዋ በኩል ገባ፤ አብሮአቸው የላዛሪስት ማኅበር ካህን የሆነ ጁዜፔ ሳፔቶ ነበረ። ሳፔቶ በዐድዋ ሲቀር አንቷን እስከ ጎንደር ደረሰ። የያዛቸው መሣሪያዎች ለሥራው እንደማይበቁ ስለ ተረዳም በዚያው ዓመት የተሻሉ ለማምጣት ወደ አውሮፓ ተመለሰ። ያ ጉዞ የመሣሪያ ፍለጋ ብቻ ሆኖ አልቀረም። በሮም በኩል ሲያልፍ የኢትዮጵያን ነገር ለቅድስት መንበር አቀረበ፤ በ1839 ቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስ፣ ሕዝባችን አቡነ ያዕቆብ የሚላቸው፣ ወደ ኢትዮጵያ ተላኩ። ከጥቂት ዓመታት በኋላም በዚሁ ሰው ማሳሰቢያ፣ በ1846፣ ለኦሮሞ ሕዝብ ሐዋርያዊ ቪካሪያት ተቋቋመና ካፑቺናዊው ጉልየልሞ ማሳያ ተሾሙ። ዛሬ በነሲም በአንድ ጠባብ ክፍል መቁጠሪያውን የሚደግም የዓዲግራት ወይም የከፋ ልጅ ስለ ዳባዲ ሰምቶ ላያውቅ ይችላል፤ ነገር ግን እምነቱ ወደ አያቶቹ ቤት በደረሰበት መንገድ ላይ ቴዎዶላይት የተሸከመ አንድ ሰው እንደ ነበረ ማወቁ አይከፋም።

ዳባዲ እስከ 1848 ድረስ ከምጽዋ እስከ ከፋ ተዘዋወረ። በየኮረብታው ጫፍ ወጥቶ የሚታዩትን ተራሮች አቅጣጫ በማዕዘን ይለካል፣ ስማቸውንም ከባላገሩ እየጠየቀ ይጽፋል፤ ከሌላ ኮረብታ ያንኑ ተራራ ደግሞ ይለካዋል። እንዲህ ማዕዘን ከማዕዘን እየተሳሰረ አገሩ በመረብ ተያዘ። ባሕር ላይ የኬንትሮስን ችግር የፈታው እንግሊዛዊው ሰዓት ሠሪ ጆን ሐሪሰን ነበር፤ በ1761 ወደ ጃማይካ በተላከችው መርከብ ላይ የተፈተነው ሰዓቱ የተነሣበትን ወደብ ጊዜ ሳይስት ይዞ ደርሶ ነበር። በሰሜን ተራሮች ዳገትና ቁልቁለት በበቅሎ ጀርባ የሚንገጫገጭ ሰዓት ግን እንደ መርከቡ አይታመንም። ስለዚህ ዳባዲ ወደ ሰማይ ተመለሰ፤ ጨረቃንና ከዋክብትን እያየ የየስፍራውን ኬንትሮስ አወጣ። ውጤቱ «የኢትዮጵያ ጂኦዴዚ» ተብሎ ከ1860 እስከ 1873 በፓሪስ ታተመ። ሰውዬው በዚህም አልበቃውም፤ በ1881 ትልቅ የአማርኛ መዝገበ ቃላት አወጣ፣ በሚቀጥለው ዓመት ዝሁራ በፀሐይ ፊት ስታልፍ ለመመልከት በሰባ ሁለት ዓመቱ ወደ ሃይቲ ተጓዘ።

ሪያድስ? በ1862 ዊልያም ጊፎርድ ፓልግሬቭ የሚባል፣ በዚያን ጊዜ ኢየሱሳዊ ካህን የነበረ እንግሊዛዊ፣ የሶርያ ሐኪም መስሎ ወደ ሪያድ ገባ። ሐኪም መስሎ የሚጓዝ ሰው ኮከብ መለኪያ ይዞ ሊታይ አይችልም፤ ስለዚህ ስለ ከተማይቱ ብዙ ጻፈ እንጂ በካርታ ላይ የት እንዳለች ሊናገር አልቻለም። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1865 ማርች ወር፣ በፋርስ ባሕረ ሰላጤ የብሪታንያ መልእክተኛ የነበረው ሉዊስ ፔሊ በግልጽ መጣ፤ በዕድሜ የገፉትንና ዓይናቸው የጠፋውን ኢማም ፈይሰል ቢን ቱርኪን ተገናኘ። ከጉዞው ዓላማዎች አንዱ የሪያድን ስፍራ በከዋክብት መለካት ነበር። ለካውም፤ ያገኘው ቁጥር ከዛሬው ሳተላይት መለኪያ ብዙም አይርቅም። በዚያ ዘመን ሐበሾች ወደዚህ ምድር የሚመጡት በሥራ ውል ሳይሆን ተሸጠው ነበር፤ ባርነት በሳዑዲ ዐረቢያ በአዋጅ የተሻረው ከዚያ መቶ ዓመት ገደማ ቆይቶ በ1962 ነው። ከተማይቱ በካርታ ላይ ስፍራዋን ስታገኝ፣ በውስጧ የነበሩት የአገራችን ሰዎች በማንም መዝገብ ስፍራ አልነበራቸውም።

ዳባዲ ኬንትሮሶቹን የቆጠረው ከፓሪስ ነው፤ ስለዚህ ዛሬ ከ37 ዲግሪ ተኩል ጥቂት የምታንሰው ጎንደር በእርሱ አቆጣጠር 35 ዲግሪ ላይ ትወድቃለች። ፔሊ የእንግሊዝ ሰው ነውና ከግሪኒች ቆጠረ። መንግሥታት ሁሉ በየራሳቸው መነሻ መስመር ሲሄዱ ቆይተው በ1884 ኦክቶበር ወር የ25 አገሮች መልእክተኞች በዋሽንግተን ተሰበሰቡ። 22ቱ ግሪኒችን መረጡ፤ ሳን ዶሚንጎ ተቃወመች፣ ፈረንሳይና ብራዚል ድምፅ ከመስጠት ተቆጠቡ። ፈረንሳይ ግሪኒችን የተቀበለችው በ1911 ሲሆን ሕጓም የግሪኒችን ስም ላለመጥራት «የፓሪስ ጊዜ ከ9 ደቂቃ ከ21 ሴኮንድ ኋላ» የሚል ነበር፤ የትልልቅ መንግሥታትም ኩርፊያ አንዳንዴ እንዲህ የልጅ ነው። ከአፍሪካ በጉባኤው የተገኘችው ላይቤሪያ ብቻ ናት። በዚያው ዓመት በጁን 3 በዐድዋ ከእንግሊዞች ጋር ውል የተፈራረሙት ዐፄ ዮሐንስ አልተጠሩም። የኦቶማኑ መልእክተኛ ሩስተም ግን ተገኝቶ ለጉባኤው አንድ ነገር ገለጸ፦ በአገራችን ሁለት ሰዓት አለ፤ አንዱ በቱርክ፣ አንዱ በፈረንጅ፤ ሕዝባችን የሚኖረው በመጀመሪያው ነው። የነሲም ሰው ይህን ቢሰማ የሚያስረዳው አያሻውም ነበር።

ከዚያ በኋላ ዓለም ቀስ በቀስ በየ15 ዲግሪው ተከፋፈለች። ሳዑዲ ዐረቢያም ኢትዮጵያም ዛሬ ከግሪኒች ሦስት ሰዓት የሚቀድመውን ጊዜ ይከተላሉ። የዚህ ጊዜ ባለቤት 45ኛው የኬንትሮስ መስመር ነው፤ ይህ መስመር ከነሲም 185 ኪሎ ሜትር ያህል በስተ ምዕራብ በበረሃው ያልፋል፣ ባሕር ተሻግሮም በሶማሌ ክልል በቀብሪደሃርና በወርዴር መካከል ይሄዳል። ነሲም ከመስመሩ በስተ ምሥራቅ ስለሆነች ፀሐይዋ ከሰዓቷ ሰባት ደቂቃ ያህል ትቀድማለች። አዲስ አበባ በ38 ዲግሪ ከ45 ደቂቃ ላይ ስለሆነች ፀሐይዋ ከሰዓቷ 25 ደቂቃ ወደ ኋላ ትቀራለች፤ በባሕረ ሐሳብ ቋንቋ አንድ ኬክሮስ ያህል መሆኑ ነው። በ2010 በረመዳን መግቢያ በመካ ባለ 601 ሜትር ሕንፃ ላይ 43 ሜትር ስፋት ያላቸው የሰዓት ገጾች ሥራ ሲጀምሩ፣ ግሪኒች በመካ ይተካ የሚል ሐሳብ ያነሡ ነበሩ። ነገር ግን ያ ታላቅ ሰዓት ራሱ የሚያሳየው የ45ኛውን መስመር ጊዜ ነው፤ የመካ እውነተኛ ቀትር ከእርሱ 21 ደቂቃ ያህል ይዘገያል። የመካ ፀሐይ ከሪያድ ፀሐይ ይልቅ ለአዲስ አበባ ፀሐይ የቀረበች ናት፤ በመካከላቸው አራት ደቂቃ ብቻ ነው ያለው።

በ2025 ሴፕቴምበር 7፣ በእኛ ጳጕሜን 2 ቀን 2017፣ እሑድ ሌሊት ጨረቃ በነሲምም በአዲስ አበባም ላይ ሙሉ በሙሉ ጠቆረች፤ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት ከ52 ደቂቃ ድረስ። አንዲት እኅት በነሲም ሰገነት ላይ፣ እናቷ በአዲስ አበባ ደጅ ላይ ሆነው የአል-ቢሩኒን ሥራ ሊደግሙ ቢፈልጉ በስልካቸው ያለው ሰዓት አይረዳቸውም ነበር፤ ሁለቱም ስልኮች አንድ ቁጥር ያሳያሉና በመካከላቸው ርቀት የለም ይላቸዋል። ርቀቱን ለማግኘት በዚያው ቀን በቀትር በየግቢያቸው አንዳንድ ዘንግ ቀጥ አድርጎ ማቆምና ጥላው እጅግ የሚያጥርበትን ደቂቃ መጠበቅ ያስፈልጋቸው ነበር። በነሲም ጥላው የሚያጥረው በአምስት ሰዓት ከ51 ደቂቃ ገደማ ነው። ልጅቱ ያን ጊዜ ብትደውል እናቷ የራሷ ዘንግ ጥላ ገና እየጠበበ መሆኑን ትነግራታለች፤ 32 ደቂቃ ያህል ካወሩ በኋላ የአዲስ አበባው ጥላም ይቆማል።